ሁለት ተወዳዳሪዎች፣ አንድ መደርደሪያ

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የማስረጃ ሕግ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼን አብዝቼ ያስጠነቀቅኋቸው ከሐሰተኛ ምስክር ሳይሆን ከእርግጠኛ ምስክር እንዲጠነቀቁ ነው። ሐሰተኛው ቢያንስ እውነቱ የት እንዳለ ያውቃል፤ እርግጠኛው ግን ትውስታው ስንት ጊዜ ተሰብሮ እንደተጠገነ ሳይመረምር ይምላል። አንባቢ ከዚህ በታች የምተርከውንም በዚሁ ሚዛን እንዲመዝነው እለምናለሁ። ነገሩ የተፈጸመው በቅርቡ ነው። ይሁን እንጂ ባለቤቴ ረቂቁን አይታ አንዳንዱን አንቀጽ «እንዲህ አልነበረም» ብላ መልሳልኛለች። እኔም ባመንኳት ቦታ አርሜአለሁ፤ ባላመንኳት ቦታ ደግሞ ዝም ብያለሁ።

ቤታችን ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው ዳገት፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። ግቢውን የምንጋራው ከአንዲት ጎረቤታችንና ከሴት ልጇ ጋር ሲሆን፣ የእኛን ሳሎን ከእነርሱ ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። በእኛ በኩል ያለውን የግድግዳውን ፊት የመጻሕፍት መደርደሪያዬ ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል። በእነርሱ በኩል ልስኑን እርጥበት ስለበላው አበባ ያለበት ላስቲክ ወጥረውበታል። እርጥበቱ ከማን በኩል እንደመጣ ሁለቱ ቤቶች እስካሁን አልተስማሙም።

ልጅቷ በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ ሥራ ትፈልግ ነበር። ዛሬ ዛሬ መሥሪያ ቤቶች አመልካችን በአካል ከመጥራት ይልቅ በኢንተርኔት፣ በቪዲዮ መጠየቅ ጀምረዋል። «ለሁሉም እኩል እንዲሆን ነው» ይላሉ። የመጀመሪያውን ጥያቄ የተጠየቀችው ከገዛ ቤቷ፣ ያን ላስቲክ ከኋላዋ አድርጋ ነው። የሰው አነጋገር መቅዳት ስለምትችልበት ጠያቂውን እንደወረደ ተጫወተችልን፦ «አሁን ያሉት… ቤት ውስጥ ነው? መብራት አይቸግርም? ኔትወርኩስ? ጥሩ፣ እናመሰግናለን።» ስለ ሒሳብ የጠየቃት አንድም ነገር አልነበረም።

እናትየዋ ልጇን አስከትላ ወደ ባለቤቴ መጣች። «እህቴ፣ ጋሼን ካልከበዳቸው፣ ልጄ አንድ ሰዓት ሳሎናችሁ ብትቀመጥ።»

ልጅቷ ራሷ ወደ እኔ ዞራ ጉዳዩን አብራራችልኝ። «አባባ፣ መጽሐፎቹን አልነካም። ከኋላዬ እንዲሆኑ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ከፊትሽ ቢሆኑ ይበልጥ በጠቀሙሽ» አልኳት።

«ከፊቴ ከሆኑ ገና የማነባቸው ናቸው። ከኋላዬ ሲሆኑ ያነበብኳቸው ይመስላል።»

በማስተማር ዘመኔ ይህን ያህል አጭርና የማይረታ ክርክር የሰማሁ አይመስለኝም። ፈቀድኩ። ያቀረብኩት ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ በመስኮቱ ሥር፣ ካሜራው በማያየው ጥግ ካለው ወንበሬ ማንም እንዳያስነሣኝ። ባለቤቴ በበኩሏ ሦስት ደነገገችብኝ፦ እንዳልስል፣ እንዳልንቀሳቀስ፣ የማንንም ንግግር እንዳላርም። ሦስተኛው ከሁሉም ከባድ ነበር።

በሚቀጥለው ጥያቄ ወቅት ከጥጌ ሆኜ የሰማሁት ድምፅ ፍጹም ሌላ ነበር። «ደስ የሚል ቤተ መጻሕፍት ነው። የአባትሽ ነው?» አላት ጠያቂው።

«የቤተሰብ ነው» አለች።

ይህ መልስ በችሎት ቢመረመር ሐሰት ነው ለማለት ያስቸግራል። ጠያቂው ስለ መብራት አንዲት ቃል አላነሣም። ይልቁን ስለ ሙያው ወደፊት ምን እንደምታስብ ጠየቃት። ልጅቷ ያችው ልጅ ነበረች፤ ግድግዳውም ያው ግድግዳ። የተለወጠው የቆመችበት ወገን ብቻ ነው። ያን ሥራ በልምድ ማነስ አላገኘችውም፤ ይሁንና ወሬው በሰፈሩ ተዳረሰ።

ከዚያ በኋላ መደርደሪያዬ እንደ ዕድር ድንኳን የጋራ ንብረት ሆነ። ሆስፒታል የምታመለክት ነርስ መጣች፤ ሆቴል የሚያመለክት ጎልማሳ መጣ። ይኸኛው የሕግ መጻሕፍቱን ትክ ብሎ አይቶ «የምግብ ዝግጅት የላችሁም?» ሲል በትሕትና ጠየቀን። ባለቤቴ ተራ ትይዛለች፣ ወንበር ታስተካክላለች፣ ከዚያም በወንጌላውያን ቤት ልማዳችን በእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ራስ ላይ እጇን ጭና ትጸልያለች። ስማቸውን እየጠራች «ይህን ሥራ ለዚህ ልጅ ስጠው» ትላለች። የትኛውን ሥራ እንደሆነ ግን አትጠቅስም። ምክንያቱም አታውቅም።

ችግሩ ሁሉ ከዚህ መጣ። በእኛ ዘንድ ያልተጨበጠ ነገር አይወራም። ሰው ሥራ ሲያመለክት የት እንዳመለከተ ለእናቱም ቢሆን አይናገርም፤ ዓይን ይበላዋል ወይም አፍ ያበላሸዋል ይባላል። ባለቤቴ ቡዳ የሚባል ነገር የለም ብላ ታስተምራለች፤ ሆኖም እርሷም ብትሆን «የት ነው የምትወዳደረው?» ብላ ጠይቃ አታውቅም፤ ነውር ነዋ። እንግዲህ ሰው ሁሉ ሳሎናችን ገብቶ፣ ከእኛ መደርደሪያ ፊት ተቀምጦ፣ በእኛ ኢንተርኔት ተጠይቆ ሲወጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሻማ የሚያውቅ አልነበረም።

ከሚመጡት መካከል ከድልድዩ ሥር በእግረኛ መንገዱ ላይ የስልክ ሽፋን የሚሸጥና ስልክ የሚጠግን ወጣት አለ። በኢኮኖሚክስ ተመርቋል። ቤታቸው የነበረበት መንደር ሲነሣ ቤተሰቡ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዷል፤ እርሱ ግን በየማለዳው ታክሲ ተሳፍሮ ወደ አራዳ ይመለሳል። «እዚያ አገር ቀልድ የሚገባው ሰው የለም» ይላል። ዋይፋያችንን የሚጠግንልን እርሱ ነው። እኔን «ፋዘር» ይለኛል። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ለሌሎች የዕድሜ እኩዮቼ ከሚሰጠው ስም ጋር ሳስተያየው የማዕረግ ያህል ሆኖ አገኘሁት።

ዕለቱ ረቡዕ ይመስለኛል፤ ባለቤቴ ማክሰኞ ነው ትላለች። ጠዋት ወጣቱ መጣ። ኮትና ክራባት አድርጓል።

«ዛሬ ማን ሞቶ ነው?» አለችው ባለቤቴ።

«ሥራ አጥነቴ እማማ። ቀብሩ በአራት ሰዓት ነው።»

ጸለየችለትና ተቀመጠ። ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ሰብሳቢዋ ረጋ ያለች ሴት ናት፣ ሁለተኛው ከንግግር ይልቅ ጉሮሮ መጥረግ የሚያበዛ ሰው፣ ሦስተኛው ግን ካሜራውን ፈጽሞ ያልከፈተ ነበር። ወጣቱ ኋላ እንደነገረኝ ይህ ሰው በስክሪኑ ላይ አንድ ፊደል ያለበት ጥቁር አራት ማዕዘን ሆኖ ነው የቆየው። ተወዳዳሪ ፊቱን ካላሳየ ከውድድር ይሰረዛል፤ ዳኛ ግን ፊት ባይኖረውም ይዳኛል። በዚህ ነጥብ ላይ ጊዜ ሳገኝ አንድ አጭር ጽሑፍ ለመጻፍ አስባለሁ።

ሰብሳቢዋ «ካሳ የዘገየበት ደንበኛ ተቆጥቶ ቢመጣብህ ምን ታደርጋለህ?» አለችው። ሥራው በአንድ የመድን ድርጅት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

«መጀመሪያ ወንበር እሰጠዋለሁ» አለ ወጣቱ። «ቆሞ የጀመረው ጠብ ሲቀመጥ ግማሹ ይወጣለታል። ቀሪውን ግማሽ በሻይ እንጨርሰዋለን።»

ሰብሳቢዋ ሳቀች። እኔም ልስቅ ነበር፤ መንቀሳቀስ መከልከሌ ትዝ ብሎኝ ዋጥኩት።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ መጣች። ባለቤቴ ለእርሷም ጸለየች። እናትየዋ ደግሞ ለዚሁ ጉዳይ ለጊዮርጊስ ጃንጥላ ተስላ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። ጥያቄው ተጀመረ፤ ጥቂት እንደተሄደም የማውቀው ዓይነት ጉሮሮ መጥረግ ሰማሁ። ሰብሳቢዋ «ካሳ የዘገየበት ደንበኛ ተቆጥቶ ቢመጣብሽ…» ስትል ጥርጣሬዬ ተረጋገጠ። በጥንቃቄ የምኖር ሰው ነኝ፤ ይሁን እንጂ በዚያ ደቂቃ ጥንቃቄ ምን እንደሚያዝ አላወቅሁም። ብናገር አበላሻለሁ፤ ዝም ብል የማውቀውን እደብቃለሁ። መካከለኛውን መንገድ መረጥኩ፤ በደንብ ለመስማት መዳፌን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

ልጅቷ ረጋ ብላ መለሰች። «ፋይሉን ሳላነብ ምንም ቃል አልገባለትም። አንብቤ የዘገየው በእኛ ከሆነ በእኛ ነው እለዋለሁ።»

«ይቅርታ» አለ የማናውቀው የሦስተኛው ሰው ድምፅ። «ከኋላሽ ያለችውን ዳክዬ ዛሬ ጠዋት አይቻታለሁ።»

ዳክዬዋ አንገቷ ተሰብሮ በሙጫ የተቀጠለች የሸክላ ዳክዬ ናት። ከቀይ የሕግ ጥራዞቹ ራስ ላይ ትቀመጣለች፤ አንገቷ ሲቀጠል ትንሽ ወደ ጎን ስለዞረ መልኳን ያየ ሰው አይረሳትም።

«ምን አሉ?» አለች ልጅቷ።

«ዳክዬዋን። ጥራዞቹንም። ጠዋት ሌላ ተወዳዳሪ እዚሁ ተቀምጦ ነበር። ከአንቺ ጋር ክፍሉ ውስጥ ማን አለ? እባክሽ ኮምፒውተሩን አዙሪው።»

አዞረችው። የመድን ድርጅቱ ጉባኤ ያየው እንግዲህ ይህን ነው፤ ጥግ ላይ የተሸሸገ፣ ጋቢ የለበሰ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ምልክት የሚሰጥ የመሰለ ሽማግሌ። ይህን ትዕይንት በፈተና ወረቀት ላይ ባቀርበው ተማሪዎቼ በሙሉ «ጥፋተኛ» ብለው በፈረዱብኝ።

ሰብሳቢዋ ግን ሽበቴን ስታይ ሳታስበው ብድግ አለች። ጭንቅላቷ ከምስሉ ወጥቶ የሹራቧ ቁልፎች ብቻ ቀሩ። «ኖር» አለች ከላይ።

«በእግዚአብሔር፣ ይቀመጡ» አልኩ ከዚህ ሆኜ።

ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለልጅቷ መልስ ነግረዋታል?»

ለዚህ ጥያቄ በሙያ ዘመኔ ሁሉ ስዘጋጅ የኖርኩ ይመስለኛል። «እስከማስታውሰው ድረስ አልነገርኳትም» አልኩ።

«እስከሚያስታውሱት?»

«ክቡራን፣ የግማሽ ሰዓት ትውስታም ቢሆን ትውስታ ነው። ሰው ሳያውቀው ራሱን ሊነቀንቅ ይችላል። እኔ ራሴን አላየሁትም፤ ስለዚህ አልነቀነቅሁም ብዬ ለመማል…»

የልጅቷ ፊት ዐመድ መሰለ። በዚህ ጊዜ ባለቤቴ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ከወጥ ቤት ወጣችና በኮምፒውተሩ ፊት ቆመች።

«አልነገራትም» አለች። «እሱ እንኳን ለሰው መልስ ሊነግር፣ መነጽሩ የት እንዳለ የምነግረው እኔ ነኝ።»

«የጠዋቱስ ልጅ?» አለ ፊት የለሹ። «ከዚች ተወዳዳሪ ጋር ተነጋግረው ነው?»

«የትኛው ልጅ?» አለች ልጅቷ። ከእርሷ በፊት ማን እንደተቀመጠ ምንም አታውቅም ነበር፤ መደነቋም በፊቷ ላይ በግልጽ ተነበበ። የፊት ገጽታ አታላይ ማስረጃ ነው እያልኩ ዘመኔን ሙሉ አስተምሬአለሁ። ያን ቀን ግን ልጅቷን ከመሰረዝ ያዳናት ከእኔ ምስክርነት ይልቅ ያ ገጽታዋ ነው፤ ይህን የማስታውሰውም ሙያዬ እየቆጨኝ ነው።

ሦስቱ ጠያቂዎች ድምፃቸውን መዝጋት ረስተው እርስ በርሳቸው ይከራከሩ ጀመር።

«ሁለቱንም እንሰርዝ» አለ ፊት የለሹ።

«ቤት በመዋስ?» አለች ሰብሳቢዋ። «የእውነቱን እንነጋገር፣ መደርደሪያውን አይተን ለጠዋቱ ልጅ ነጥብ አልጨመርንም?»

ጉሮሮ ጠራጊው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲያው በአካል ይምጡ። ለመሆኑ ሰፈሩ የት ነው?» አለች ሰብሳቢዋ።

«ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ነው» አለች ልጅቷ።

መሥሪያ ቤታቸው አራት ኪሎ ነው፤ በእግር ቢመጡ ላብ ሳይነካቸው ይደርሳሉ። ፊት የለሹ ግን አሁንም አልተረታም። «ጎንደርና ሐዋሳ ያሉት ተወዳዳሪዎችስ? እነርሱም በእግራቸው ይምጡ? ለእነርሱ ፍትሕ አይሆንም።» እውነቱን ነው ብዬ አሰብኩ፤ ባልወደውም።

በመጨረሻ ሰብሳቢዋ ወሰነች። ለመጨረሻው ዙር የደረሱት ሁሉ በማግስቱ አዲስ ጥያቄ ይጠየቃሉ፤ በድምፅ ብቻ፣ የማንም ካሜራ ሳይከፈት። «የእኛም ይዘጋል» አለች፣ ቀጥላም ወደ ፊት የለሹ ባልደረባዋ፦ «አንተ እንደ ልማድህ ቀጥል።» ከእኛ ቤት የተጠየቁት ሁለቱ ደግሞ አንድ ክፍል እንዳይጠቀሙ አዘዘች።

አመሻሹ ላይ ልጅቷ የጠዋቱ ተወዳዳሪ ማን እንደሆነ ከእኛ ሰምታ ወደ ድልድዩ ወርዳ ወጣቱን ይዛው መጣች። እርሱም ነገሩን ሲሰማ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«እኔና አንቺ ስንት ወር ተያየን፣ አንድ ቃል ትተነፍሻለሽ?»

«አንተስ ተነፈስክ?»

«እኔማ ዓይን ፈርቼ ነው።»

«የማንን ዓይን?»

«ያንቺን ነበራ» አለ፣ ሁለቱም ሳቁ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። «ጌታን አጣብቂኝ ውስጥ ከተትኩት» አለች። «በአንድ ቀን፣ ለአንድ ሥራ፣ ለሁለት ሰው። ምን ይለኝ ይሆን?»

ሳሎኑ ለማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ገና አልተፈታም ነበር። ልጅቷ ናት የቆረጠችው። «እሱ ቤቱ ሩቅ ነው፣ ኔትወርክም የለም። እኔ ቤቴ አለኝ።»

«ግቢው ይረብሻል» አልኳት።

«ይሰሙኝ ግድ የለም። ከላስቲኩ ጋር አይዩኝ እንጂ።»

በማግስቱ ግቢያችን እንደዚያ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። እናትየዋ ከበራችን ጀርባ በር የሚበይደውን ሰው መዶሻውን አስጥላዋለች። ቀኑን ሙሉ የሚደለቀው የጎረቤት ቴፕ ዝም ብሏል። ሁለቱም አጥብቀው ስለጠየቁኝ እኔ ከሁለቱ ቤቶች ወጥቼ በረንዳው ላይ ተሰየምኩ። በያጁ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ዝም ያልነው ለየትኛው ነው?»

«ለሁለቱም» አልኩት።

«ታዲያ አንዱ አይደል የሚያልፈው?»

«አዎ።»

ትንሽ አሰበና «ግማሹ ዝምታ ኪሳራ ነዋ» አለ።

በሁለቱ በሮች መካከል ሆኜ ከሳሎኑ የወጣቱን፣ ከላስቲኩ ወዲያ የልጅቷን ድምፅ በየተራ እሰማ ነበር። አልሰማሁም ብዬ ልምል አልችልም፤ ወንበሬን በደንብ ወደሚሰማበት ስቤ ነበር፤ ባለቤቴም አይታኛለች። እርሱ ሲናገር ፈጣን ነው፣ ያስቃል። እርሷ ሲከብዳት ለአፍታ ዝም ትላለች፤ ከዚያ ቀጥ ያለ መልስ ትሰጣለች። የመጨረሻውን ጥያቄ ከእርሱ ይበልጥ አድምጬላት እንደሆነ አላውቅም።

ውሳኔው የመጣው ሳምንት ቆይቶ ነው። ልጅቷ ስልኳን እንደያዘች ወደ እኛ ገባች፤ እናቷ ከኋላ እልል ልትል ስትል በእጇ አፏን ያዘችባት፣ ወጣቱ ደረጃው ላይ ነበረና። መልእክቱ ለሁለቱም በአንድ ሰዓት ደርሷል። ለእርሷ «ሰኞ ሥራ ይጀምሩ» ይላል። ለእርሱ «በሌላ ጊዜ ይሞክሩ»።

ክራባቱን አላደረገም። አጠገቤ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ልጅቷ ግን ቆማ ትሰማ ነበር።

«ፋዘር፣ እርስዎ ሁለታችንንም ሰምተዋል። ሁለት ጊዜ። ከእነሱም ይቀርባሉ። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ማን ይሻል ነበር?»

ባለቤቴ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና በዓይኗ «ተው» አለችኝ። ዝም ልል እችል ነበር፤ ለዝምታም በቂ ሥልጠና አለኝ።

«ያንተ መልሶች አስቀውኛል» አልኩት። «አሁንም የማስታውሳቸው እነርሱን ነው። የእርሷን ስሰማ ግን… ይቺ ልጅ ሀሁ ስትቆጥር በዚያ ግድግዳ በኩል ስሰማት ኖሬአለሁ። ድምፅዋን ስሰማ መልሱን ሳይሆን ልጅቷን ነው የምሰማው። ስለዚህ የእኔ ጆሮ ሚዛን አይሆንም።»

«ካሜራም ተዘግቶ?»

«ካሜራም ተዘግቶ።»

«ማለት፣ እርስዎም ቢሆኑ እሷን ይቀጥሩ ነበር።»

«ሳይሆን አይቀርም» አልኩት።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እርሱ ግን ቀና ብሎ አየኝ፤ ከቅያሜ ይልቅ አንድ የተበላሸ ስልክ ሲከፍትና ጉድለቱን ሲያገኘው በፊቱ ላይ የሚታየው ዓይነት ነገር ያየሁ መሰለኝ። እዚህ ላይ ልሳሳት እችላለሁ።

«ቢያንስ እርስዎ ምክንያቱን ነገሩኝ» አለ። ተነሣና ልጅቷን ትከሻዋን መታ አደረጋት። «ሰኞ ስትገቢ ለዚያ ፊት የለሽ ሰውዬ ሰላም በይልኝ። የሚያውቀው ሽፋን ሻጭ አለ በይው፤ ለካሜራውም የሚሆን አለኝ።»

እስከ በሩ ሸኘችው። ወደ ድልድዩ ሲወርድ ሲያስቃት ይሰማኝ ነበር።

«ዝም ብትል ምን ነበረበት?» አለችኝ ባለቤቴ።

«ጠየቀኛ» አልኳት።